አዲስ ጉልዲያን ፊንቾች ላመጣ ነው፣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት የትና ምን ያህል ላቆያቸው?

የወፎቹ እማማ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ፊንች የሚባሉትን ትንንሽ እህል በል ወፎች የምታረቡ ሰዎች እንዳላችሁ አይቼ ነው የጻፍኩት፣ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ። ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ ፍላይት ኬጅ አለኝ፣ ስድስት ዜብራ ፊንችና ሁለት ሶሳይቲ ፊንች አብረው ይኖራሉ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ይበላሉ ይታጠባሉ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፣ ሶሳይቲዎቹማ ማታ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚተኙ ብታዩ። አሁን ደሞ ጥንድ ጉልዲያን ከአንድ አርቢ ልገዛ ነው፣ ወንዱ ቀይ ራስ ሴቷ ጥቁር ራስ፣ ፎቶአቸውን ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ሻጩን ስጠይቀው "የኔ ወፎች ንጹህ ናቸው፣ ኬጃቸውን ከነባሮቹ አጠገብ አንድ ሳምንት አስቀምጪው፣ ከተላመዱ አስገቢያቸው" አለኝ። ሳነብ ደሞ አንዱ 30 ቀን ይላል፣ አንዱ 45፣ ሌላው ሦስት ወር፣ የቱን ልመን? ቤቴ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው፣ ሙቀቱም ኤሲውም ለሁሉም ክፍል የሚመጣው በአንድ መስመር ነው፣ ስለዚህ ለብቻ አስቀመጥኳቸው ብልም አየሩ ያው አንድ ነው ማለት ነው? ባለቤቴ ባኞ ቤት እናስቀምጣቸው ይላል፣ መስኮት የለውም ግን ሰፊ ነው። ሌላው እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ቡና በየቀኑ ይቆላል ዕጣኑም አለ፣ ይሄ ለአዲሶቹ ችግር ይፈጥር ይሆን? መድኃኒትስ? አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ተባይ ማጥፊያ ገና እንደመጡ መስጠት ግዴታ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ሳይታመሙ መድኃኒት መስጠት ከበደኝ። ጥያቄ አበዛሁባችሁ፣ ነባሮቹ እንዳይጎዱብኝ ስለምፈራ ነው።

ጉልዲያን ወዳጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጉልዲያን የገባበት ቤት ቀለሙ ራሱ ይለወጣል። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ኬጅ ከኬጅ አጠገብ ማስቀመጥ ማስተዋወቅ ነው እንጂ ኳራንቲን (ለይቶ ማቆየት) አይደለም። ሰውዬው ዋሽቷል አልልም፣ የሱ ወፎች እሱ ቤት ያለውን ጀርም ተላምደውት ደህና መስለው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ያንቺዎቹ ግን ያንን ጀርም አያውቁትም፣ የሱዎቹም ያንቺን ቤት አያውቁም። ሁለት ኬጅ ጎን ለጎን ሲሆን የላባው ብናኝ፣ የእህሉ ገለባ፣ ሲያስነጥሱ የሚወጣው ሁሉ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል። ቀይ ማይት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ደሞ በእግሩ ተራምዶ ነው የሚሻገረው፣ ቀን በኬጁ ስንጥቅና በመቆሚያው እንጨት ጫፍ ተደብቆ ይውላል ማታ ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል፣ ምግብ ሳያገኝም ወራት ይቆያል። አዲሶቹ እንደመጡ ማታ ኬጁ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አርጊና ጠዋት ገልብጠሽ እጥፋቱን እዪ፣ የሚንቀሳቀስ ቀይ ወይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ እሱ ነው።

ስንት ቀን ለሚለው ከቁጥሩ ይልቅ በዛ ጊዜ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ የሚለው ነው ዋናው። ወፏ 30 ቀን ሌላ ክፍል ተቀምጣ ማንም በደንብ ካላያትና ካልተመረመረች በ31ኛው ቀን የመጣችበትን በሽታ እንደያዘች ነው የምትገባው፣ ምክንያቱም መተንፈሻ ውስጥ የሚኖረው የአየር ከረጢት ማይት ቀን ስለተቆጠረ አይጠፋም፣ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛም እንደዛው። እኔ 30 ቀን ትንሹ ነው እላለሁ፣ ለጉልዲያን ግን 45 ቀን ያዢ። ለምን ብትዪ፣ ማይት ከተገኘ መድኃኒቱ አንዴ ተሰጥቶ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል፣ ከዛ ደሞ ዳኑ ወይ ብለሽ የምታዪበት ጊዜ ትፈልጊያለሽ፣ ይሄ ሁሉ ሲደመር ወሩ ያልፋል። መሀል ላይ ሌላ አዲስ ወፍ ከጨመርሽበት ወይ ከሁለቱ አንዷ ከታመመች ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል፣ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል "ሦስት ሳምንት ቆይተዋል እኮ" ይላል።

ይሄ የአየር ከረጢት ማይት ያልኩሽ በተለይ ጉልዲያንና ካናሪ ላይ ይወዳል፣ ጉሮሯቸው ውስጥና ሳንባቸው አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ወላጆች ለጫጩት ሲያጎርሱ፣ ሲያስሉ፣ በመጠጫ ውሃም ይተላለፋል። ማታ መብራት አጥፍተሽ ቲቪውም ጠፍቶ ኬጁ አጠገብ ጆሮሽን አስጠግተሽ ስሚ፣ ትንፋሻቸው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ፣ ቀን ደሞ አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ከሆነ፣ ጭራቸው ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወንዱ ዘፈኑን ካቆመ ወይ ድምፁ ከሻከረ ወደ አቪያን ቬት (የወፍ ሐኪም) ነው። አንዳንድ ቬት ጨለማ ክፍል ውስጥ የአንገቷን ላባ በውሃ አርጥቦ ከኋላ ትንሽ መብራት አብርቶ ማይቶቹን እንደ ጥቁር ነጥብ ያያቸዋል።

በየቀኑ ማየት ስልሽ ደሞ አልፈሽ ስትሄጂ ማየት አይደለም። ፊንች ጠላት ሊበላው የሚችል ትንሽ ወፍ ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል፣ ሰው ሲጠጋ ላባውን ሰብስቦ ቀና ይላል፣ ጤነኛ ይመስልሻል። ክፍሉ ውስጥ ራቅ ብለሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ከረሱሽ በኋላ ነው እውነተኛውን የምታዪው። ላባዋን አጉፍራ የተኮራመተች፣ ቀን ቀን የምትተኛ፣ እህል ፊት ቆማ እየቆረጠመች የማትውጥ ካለች ልብ በይ። ኬጁ ወለል ላይ ነጭ ወረቀት አርጊ፣ አሸዋ ወይ የእንጨት ፍቅፋቂ አታርጊ፣ ኩሱን ማንበብ አለብሽ። ጠንከር ያለ ጠቆር ያለ ክፍሉ ከነጩ ጋር ከሆነ ደህና ነው፣ ውሃ ከሆነ፣ ቢጫ ከሆነ፣ ያልተፈጨ ሙሉ እህል ካለበት ችግር አለ። አንድ ነገር ግዢ ብትዪኝ የወጥ ቤት ትንሽ ሚዛን ነው የምልሽ፣ በ0.1 ግራም የሚቆጥር። ጉልዲያን 15 ግራም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አንድ ግራም መቀነስ ማለት ከክብደቷ ወደ 7 በመቶ ጠፋ ማለት ነው፣ በዓይን ሳይታይ ሚዛኑ ነው ቀድሞ የሚነግርሽ። በየሳምንቱ መዝኚና ጻፊው፣ በየቀኑ ግን አትያዣቸው ይጨነቃሉ።

የሳር ቤት ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ዜብራ ፊንችና ባጂ (ትንሿ በቀቀን) ነው ያለኝ፣ ከተለያየ ሰው እየገዛሁ ቀጥታ ነው የማስገባቸው፣ እስካሁን በሽታ ምናምን አላየሁም። ወፍ ለብቻው ሲሆን ይጨነቃል፣ ጭንቀቱ ራሱ ያሳምመዋል፣ ፊንች ደሞ ያለ ጓደኛ አይሆንለትም። እዚህ አገር ቤት 45 ቀን አንድ ክፍል መዝጋት ከባድ ነው፣ ሁላችንም ትርፍ ክፍል የለንም። ላባው ካማረ፣ ዓይኑ ንጹህ ከሆነና በደንብ ከበላ ቀጥታ ማስገባት ምን ችግር አለው? ለማወቅ ነው የጠየቅኩት።

ቢሾፍቱ ቬት

ሰላም የሳር ቤት፣ ጭንቀቱን በተመለከተ ያልከው ልክ ነው፣ ለዛ ነው ፊንች አንድ ብቻውን አይገዛም የሚባለው፣ ጥንዱ አብሮ ይመጣል አብሮ ይቆያል፣ እህታችንም ሁለት ስለሆኑ በዚህ በኩል ችግር የላትም። "ላባው ካማረ" ያልከው ላይ ግን አልስማማም። እኔ በሥራዬ የማየው ዶሮ ነው ወፍም አንዳንዴ ይመጣልኛል፣ ከሁለቱም የተማርኩት ብዙዎቹ በሽታዎች ሳይታመሙ በሚሸከሙ ወፎች እንደሚገቡ ነው።

በታሪክም የታየ ነገር ነው። በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ተነሥቶ ነበር፣ የገባው ከውጭ አገር በመጡ የቤት ወፎች በኩል ነው፣ ከነሱ ወደ ዶሮ እርባታ ተሻገረና እሱን ለማጥፋት ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎች ተወገዱ። ከዛ በኋላ ነው አሜሪካ ከውጭ ለሚገቡ ወፎች የ30 ቀን ኳራንቲን ያስገደደችው። አንተም ግቢህ ውስጥ ወይ ጎረቤት ዶሮ ካለ ይሄ ነገር ይመለከትሃል፣ ዶሮዎቹን ነክተህ ወይ በዛው ጫማ ወደ ወፎቹ አትግባ፣ ቢያንስ እጅህን ታጠብ ጫማህን ቀይር። ትርፍ ክፍል ከሌለ ዘመድ ቤት፣ ወፍ የሌለው ጓደኛ ቤት ማቆየት ይቻላል፣ ከምንም ይሻላል። የአዲስ አበባ ክረምት ማታ ማታ ይበርዳል፣ በረንዳ ላይ ግን አይሁን።

እህቴ፣ አንቺ ደሞ ማንም ያላነሳልሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ የምትፈሪው አዲሶቹ ነባሮቹን እንዳይጎዱ ነው፣ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የፈራሁት። ሶሳይቲ ፊንች ኮክሎሶማ የሚባል አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሸክሞ ምንም ሳይሆን ይኖራል፣ እሱን አያሳምመውም። ወደ ጉልዲያን ሲተላለፍ ግን በተለይ ጫጩቶችን ይገድላል፣ ሰውነታቸው ይደርቃል፣ ይከሳሉ፣ ኩሳቸው ላይ ሳይፈጭ የወጣ ሙሉ እህል ይታያል። ብዙ ሰው ጉልዲያኖቹ ዕንቁላላቸውን አልታቀፍ ሲሉ ለሶሳይቲ አሳልፎ ይሰጣል፣ እንደዛ ነው ከትውልድ ትውልድ የሚሄደው። ስለዚህ በኳራንቲኑ ጊዜ ነባሮቹንም አስመርምሪ፣ በተለይ ሁለቱን ሶሳይቲዎች። ሮኒዳዞል የሚባል መድኃኒት አለው ግን ምርመራው ይቅደም።

ኮክሲዲያን በተመለከተ ጥሩው ነገር ዕንቁላሉ ከኩስ ጋር እንደወጣ ወዲያው አያስይዝም፣ ለመብሰል አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ወረቀቱን በየቀኑ ከቀየርሽ ዙሩን ቆረጥሽው ማለት ነው። በረኪና ግን አይገድለውም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ የፈላ ውሃና በደንብ ማድረቅ ነው የሚገድለው። ለባክቴሪያና ለቫይረስ በረኪና ጥሩ ነው፣ 1 እጅ በረኪና ለ10 እጅ ውሃ፣ መጀመሪያ ግን ኩሱ በሳሙና ታጥቦ ይጥፋ፣ ቆሻሻ ላይ በረኪና ማፍሰስ ዋጋ የለውም፣ ከዛ 10 ደቂቃ ቆይቶ በደንብ ይለቅለቅ፣ ወፎቹ ክፍሉ ውስጥ እያሉ አይሁን፣ ከኮምጣጤ ወይ ከአሞኒያ ጋርም በፍጹም አይቀላቀል።

አይቨርሜክቲን ላይ ደሞ እለምናችኋለሁ። እዚህ አገር በየፋርማሲው የሚሸጠው 1 በመቶ የሆነው የከብት መርፌ ነው፣ በአንድ ሚሊ ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። 15 ግራም ለሆነች ወፍ አስሉት፣ 0.003 ሚሊግራም ይመጣል። ከዛ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ ብታንጠባጥቡባት ከ150 እጥፍ በላይ ሰጣችኋት ማለት ነው። መጠኑንና አሟሟቱን በሙያው ያለ ሰው ነው ማውጣት ያለበት፣ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። ሌላም አለ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ማይት የበዛባት ወፍ መድኃኒት ስትወስድ የሞቱት ማይቶች ራሳቸው መተንፈሻዋን ሊዘጉት ይችላሉ፣ ስለዚህ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ጉልዲያን ወዳጅ

ዶክተር በጣም እናመሰግናለን፣ የሶሳይቲውን ነገር ማንሳትዎ ጥሩ ሆነ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ትንሽ እለያለሁ፣ እዚህ ያሉ የጉልዲያን አርቢዎች ብዙዎቹ ለአየር ከረጢት ማይት ምልክት ባይኖርም በኳራንቲን ጊዜ ሕክምናውን ይሰጣሉ፣ ምክንያቱም ጥቂት ማይት ያላት ወፍ ምንም ላታሳይ ትችላለች ምርመራውም ሊያልፈው ይችላል። እኔም በዚህ አምናለሁ፣ ለወፍ ተብሎ የተዘጋጀና የቀጠነ መድኃኒት በቬት ትዕዛዝ ከሆነ። ከብት መድኃኒቱን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ለኮክሲዲያና ለባክቴሪያ ግን ሳይመረመር አንቲባዮቲክ በውሃ መስጠትን እኔም እቃወማለሁ፣ የምትፈልጊውን ምልክት ይደብቅብሻል ወሩም በከንቱ ይሄዳል።

ቢሾፍቱ ቬት

በዚህ እንስማማ። ለማይቱ ቬቱ አይቶ ልስጥ ካለ እኔም አልቃወምም፣ የፈራሁት ሰው ቤቱ ሆኖ በግምት እንዳይሰጥ ነው።

የወፎቹ እማማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ዶክተር ስለ ሶሳይቲዎቹ ያሉኝ አስደነገጠኝ፣ እነሱን ጨርሶ አላሰብኳቸውም ነበር። ወንድሜ፣ ባኞ ቤቱንና የቡናውን ነገር ግን አልመለስክልኝም፣ ቦታው ላይ ነው አሁን የተጨነቅኩት። መኝታ ቤታችን ላይ ብናስቀምጣቸው ይሻላል?

ጉልዲያን ወዳጅ

አዎ መኝታ ቤት። ባኞ ቤት መስኮት ከሌለው ብርሃን አያገኙም፣ ሻወር በተወሰደ ቁጥር ሙቀቱና እርጥበቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ከሁሉ የከፋው ደሞ ሽቶው፣ የፀጉር ስፕሬዩ፣ የማጽጃው ኬሚካል ሁሉ እዛ ነው ያለው። መኝታ ቤት መስኮት ካለው ብርሃን አለ ግን ኬጁ ቀጥታ ፀሐይ ወይ ብርድ የሚመታው ቦታ አይሁን። ቬንቱን በተመለከተ፣ ያ ክፍል ያለውን የአየር መግቢያ ዝጊው ወይ የፈርነስ (የማሞቂያ ማሽን) ፊልተር ቆርጠሽ በቴፕ ለጥፊበት፣ አየር የሚመልሰው ትልቁ ፍርግርግ ክፍሉ ውስጥ ካለ እሱንም አትርሺ ምክንያቱም ከነሱ ክፍል ስቦ ወደ ሳሎን የሚወስደው እሱ ነው፣ ግን ጨርሶ ከመዝጋት ፊልተር ማድረግ ይሻላል ማሽኑ እንዳይጨነቅ። በሩ ሁሌ ዝግ ይሁን፣ ከታች ባለው ክፍተት ፎጣ አርጊ። ማሞቂያውን ከዘጋሽ ክፍሉ እንዳይበርድ ቴርሞሜትር ስቀይ፣ ጉልዲያን አገሩ ሰሜን አውስትራሊያ ነው ሙቀት ነው የለመደው። ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ ሄፓ ፊልተር ያለው የአየር ማጽጃ ካለሽ እዛው ክፍል አብሪው። ፍጹም የተለየ አየር አይሆንም እሱን አልዋሽሽም፣ በጣም ይቀንሳል ግን።

ቡናው ላይ ደሞ እናትሽን በደንብ አስረጃቸው እንጂ አትከልክያቸው። ወፍ ከሳንባዋ ሌላ ሰውነቷ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች አሏት፣ የምትስበው አየር ከኛ በጣም በተሻለ ነው ሰውነቷ ውስጥ የሚገባው፣ ለመብረር ጠቅሟታል ጭስ ሲመጣ ግን ይጎዳታል። የቡና ቆላ ጭስ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ ሁሉም። ኳራንቲን ላይ ያለች ወፍ ጭስ ስባ አፏን ከፍታ ብትተነፍስ ማይት ይሁን ጭስ መለየት አትችዪም፣ ምልክቱ ሁሉ ይደባለቅብሻል። በረንዳ ካላችሁ ቡናው እዛ ይቆላ፣ ከሌለ ከምድጃው በላይ ያለው ፋን ተከፍቶ መስኮት ተከፍቶ በሮቹ ተዘግተው፣ ዕጣኑ ደሞ ለጊዜው ይቅር ወይ ውጪ ይጨስ። ነባሮቹም ሳሎን ስላሉ ለነሱም ነው። ከዚህ የባሰው ግን ቴፍሎን የተቀባ ምጣድና መጥበሻ ነው፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ሽታ የሌለው ጋዝ ይለቃል፣ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። እንጀራ የምትጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ላዩ ምን እንደሆነ እዪው፣ የማይጣበቅ ሽፋን ያለው ከሆነ ባዶውን እንዳይግል።

ሻርጃ ነዋሪ (ኤምሬትስ)

ሰላም እህቶች ወንድሞች። እኔ እዚህ ሻርጃ ነኝ፣ የወፍና እንስሳት ገበያው ቅርባችን ስለሆነ ብዙ ወፍ አያለሁ። ከገበያ ስትገዢ ከአንድ አርቢ እንደመግዛት አይደለም፣ ከተለያየ ቦታ የመጡ ወፎች ኬጅ በኬጅ ተደራርበው ነው የሚውሉት፣ የላይኛው ኩስ የታችኛው ላይ ይወርዳል። አንቺ ከአርቢ መግዛትሽ ጥሩ ነው። ቤቱ ሄደሽ ሌሎቹንም ወፎች እያቸው እንጂ የሚሸጥልሽን ሁለቱን ብቻ አትይ፣ መቆሚያው እንጨት፣ ውሃው፣ ወለሉ ምን ይመስላል። መቼ ሌላ ወፍ እንዳስገባም ጠይቂው። እዛው እያለሽ የሚበሉትን እህል ጠይቀሽ ትንሽ ይዘሽ ነይ፣ ቦታውም ምግቡም በአንድ ቀን ከተለወጠባቸው ሁለቱ ጭንቀት አንድ ላይ ይሆናል፣ ቀስ እያልሽ ታቀላቅያለሽ።

እኔ የምለው የሥራ ቅደም ተከተሉን ነው ሰው የሚረሳው። ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹን ትመግቢያለሽ ታጸጂያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ነው አዲሶቹ ጋ የምትገቢው፣ ከዛ ተመልሰሽ ወደ ነባሮቹ አትሄጂም። ለአዲሶቹ ክፍል አንድ ሸሚዝ ወይ ጋውን በሩ ላይ ስቀይ፣ ስትገቢ ልበሺው ስትወጪ አውልቂው፣ እጅ መታጠብ አለ። የውሃ ዕቃ፣ የእህል ዕቃ፣ መጥረጊያ፣ የዕንቁላል ምግብ የምታቀርቢበት ማንኪያ ሳይቀር ለየብቻ፣ ሲንክ ላይ አንድ ላይ አይታጠቡም። የእህሉንም ከረጢት ከፍለሽ ለየብቻ አስቀምጪ፣ ካንዱ ኬጅ የተረፈ እህል ወደ ከረጢቱ አይመለስ። እንግዳ ደሞ ወፎቹን ልይ ብሎ ገብቶ ወጥቶ ሁለቱም ጋ እንዳይሄድ፣ ኮቪድ ጊዜ ለይቶ ማቆያ ያየ ሰው ይገባዋል።

ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ ሻጩ ያለሽ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚመጣው፣ ያኔ ጥሩ ነው፣ አንድ ሳምንት ይተያዩ። የምትቀላቅያቸው ቀን ጠዋት ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትሆኚበት ቀን። ጎጆዎቹን ሁሉ አውጪ፣ የመቆሚያዎቹን ቦታ ቀያይሪ፣ ነባሮቹም ለቦታው አዲስ እንዲሆኑ ነው። ዜብራ ወንዶች ጎጆ ካለ ይዋጋሉ፣ ላባ ይነቅላሉ፣ ጉልዲያን ደሞ ጨዋ ወፍ ነው አይመልስም፣ ጥግ ይዞ ሳይበላ ይውላል። እህልና ውሃ ሦስት አራት ቦታ አርጊ አንዱ ዜብራ ሁሉንም መጠበቅ እንዳይችል። እውነቱን ለመናገር ስድስት ዜብራ ካለሽ ለጉልዲያኖቹ የራሳቸው ኬጅ ቢኖራቸው ነው እኔ ደስ የሚለኝ፣ ሶሳይቲዎቹ ግን ሰላማዊ ናቸው ምርመራቸው ንጹህ ከሆነ።

የሳር ቤት ልጅ

ቢሾፍቱ ቬት አመሰግናለሁ፣ የዶሮውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ ጎረቤት ዶሮ አላቸው። አክስቴ ቤት ወፍ የለም የሚቀጥሉትን እዛ አቆያለሁ። አንድ ጥያቄ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ አንዷ ብትሞትስ ምን ማድረግ ነው ያለብን፣ መቅበር ነው?

ቢሾፍቱ ቬት

አትቅበራት። ለምን እንደሞተች ማወቅ የሌሎቹን ሕይወት ያተርፋል። በፕላስቲክ ከረጢት አርገህ አሽገህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣት፣ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም፣ ከበረዶ በኋላ አካሏ ስለሚበላሽ መመርመር ያስቸግራል። በዛው ቀን ወይ በማግስቱ ወደ እንስሳት ሕክምና ላብራቶሪ ውሰዳት። እዚህ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ አለ፣ አሜሪካ ያሉት ደሞ የየስቴታቸውን የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ይጠይቁ። ገና ሳትሞት ላባዋን አጉፍራ ከታየች ደሞ ቶሎ ሙቀት ስጣት፣ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ከኬጁ ግማሹን ብቻ ነው የምታሞቀው ከበዛባት ወደዚያ እንድትሸሽ። ፊንች ጉልበቱ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ሳይበላ አንድ ቀን ካደረ አደጋ ላይ ነው፣ እስከ ነገ ልየው አይባልም።

የወፎቹ እማማ

ዛሬ ለሻጩ ደውዬ መኝታ ቤቱን እስካዘጋጅ እንዲያቆይልኝ ነገርኩት፣ እሺ ብሏል። እናቴም ቡናውን በረንዳ ላይ እቆላለሁ አለች፣ ዕጣኑን ግን ለእሁድ ብቻ ተስማማን፣ እሱም ውጪ። ለጉልዲያኖቹ የራሳቸውን ኬጅ ስለማድረግም ከባለቤቴ ጋር እያወራን ነው። የቀረኝ ምርመራው ነው፣ አቪያን ቬት አግኝቻለሁ፣ ኩሱን ይዘሽ ነይ አሉኝ። እንዴት ነው የሚወሰደው ዶክተር፣ ከሁለቱም ኬጅ ልውሰድ?

ቢሾፍቱ ቬት

ከሁለቱም፣ ለየብቻ። ለኮክሲዲያ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የወጣውን ውሰጂ፣ የፊንች ዓይነት ወፎች ላይ ያለው ኮክሲዲያ ዕንቁላሉን በብዛት የሚያወጣው ከሰዓት በኋላና ወደ ማምሻው ነው፣ የጠዋት ኩስ ብቻ ከወሰድሽ ንጹህ ነው ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ወለሉ ላይ ሰም የተቀባ ወረቀት ዘርጊ እርጥበቱን እንዳይመጥጠው፣ ከተለያየ ቦታ ጥቂት ጥቂት አንሥተሽ በሚዘጋ ትንሽ ዕቃ አርጊ፣ ኩሱን ማሳደር ካለብሽ ፍሪጅ ውስጥ። ኮክሎሶማ ግን በዚህ አይገኝም፣ ኩሱ ከቀዘቀዘ ይሞትና ማይክሮስኮፕ ላይ አይታይም፣ ትኩሱ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ሶሳይቲዎቹን ራሳቸውን በትንሽ ኬጅ ይዘሻቸው ሂጂ፣ እዛው ሲጥሉ ወዲያው እንዲያዩልሽ አስቀድመሽ ደውለሽ ንገሪያቸው። ዕቃዎቹ ላይ የነባሮቹ የቱ የአዲሶቹ የቱ እንደሆነና ቀኑን ጻፊበት።